የንግድ ሕንፃ ብላይንዶች አያያዝና ጥገና፦ ከደሴ ብርድ እስከ ኮምቦልቻ ሙቀት

ደሴ ፒያሳ ላይ ቆም ብለው ባለ መስታወት ሕንፃዎችን ከታች ወደ ላይ ቢያዩ ዓይንዎ መስኮቶቹ ላይ ይቀራል። በአንዱ ፎቅ ብላይንዱ (የመስኮቱ ፀሐይ መከላከያ) በአንድ ወገን ብቻ ተሰብስቦ እንደ ተሰበረ ክንፍ ተንጋዷል፤ በሌላው ጥብጣቦቹ ረግፈው የወላለቀ ጥርስ መስለዋል፤ ከእሱ በላይ ያለው ተከራይ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ መስታወቱ ላይ ካርቶን ለጥፏል። በደሴና በኮምቦልቻ የንግድ ሕንፃዎችን ሳስተዳድር ከጣልኳቸው ብላይንዶች ውስጥ በእርጅና ያለቁት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹን የገደላቸው አጎተት የማያውቅ እጅ ነው፤ ቀሪዎቹም ባለቤት አጥተው ነው የሞቱት። ተከራዩ የአከራዩ ነው ይላል፣ አከራዩ ተከራዩ ይጠግን ይላል፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ብትነካው የሚወድቅባት እየመሰላት ታልፈዋለች።

ይህ መመሪያ ለሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ ለሆቴልና ለቢሮ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም «ብላይንዱን አንተ ተመልከተው» ተብሎ ኃላፊነቱ ድንገት ለወደቀበት ሰው የተጻፈ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ መሰላል፣ ሜትር፣ ሊቬሎ (ውኃ ልክ)፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ለስላሳ ብሩሽ ያለው የአቧራ መምጠጫ፣ ሁለት ባልዲ፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ወፍራም ደብተር። ከሁሉም የሚረሳው ደብተሩ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስም እንግባባ። ቨርቲካል የሚባለው ከላይ ካለ ሐዲድ ወደ ታች የተንጠለጠሉ የጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ጥብጣቦች ያሉት ነው፤ በባንክና በመንግሥት ቢሮ አብዝተን የምናየው እሱን ነው። የጥብጣቡ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 127 ወይም 89 ሚሊ ሜትር ነው። አግድም የሚደረደረው የአሉሚኒየም ብላይንድ፣ ሻጮች ቬኔሺያን የሚሉት፣ በተለምዶ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ስስ ዝርግ አሉሚኒየሞች ይሠራል። ሮለር በቱቦ ላይ የሚጠቀለል አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ዜብራ የሮለር ዘመድ ሲሆን፣ ብርሃን የሚያሳልፍና የማያሳልፍ መስመር የሚፈራረቁበት ድርብ ጨርቅ አለው። ዓይነቱን ሳያውቁ ማጽጃ መግዛትም ሆነ ገመድ መጎተት አይጀምሩ።

1ኛ ደረጃ፦ ፀሐይዋን ይወቁ

ብላይንድ የሚገዛውም የሚከፈተውም የሚያረጀውም በፀሐይ ምክንያት ነው። ስለዚህ መሰላል ከማቆምዎ በፊት ኮምፓስ ይያዙ፤ የስልክዎ ይበቃል። እያንዳንዱ የሕንፃው ፊት ወደየት እንደሚመለከት ይጻፉ።

ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ቀትር ላይ ልክ በአናታችን ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የላይኛው ጠርዙ ከወለል 2.4 ሜትር በሆነ የደቡብ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ የምትዘልቀው 1.6 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ግን፣ ከአድማስ 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳለች፣ በምሥራቅ መስኮት ገብታ ከ6 ሜትር በላይ ትዘረጋለች። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠውን ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ ማዶ ያለውን ጸሐፊም ዓይኑን ታስጨፍነዋለች።

ስለዚህ ጠንካራውንና ውድ የሆነውን ብላይንድ ለምሥራቅና ለምዕራብ ያውሉት። ለሰሜን መስኮት ርካሹ ይበቃል፤ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ከምታዘነብልባቸው ወራት ግማሽ ያህሉ ክረምት ስለሆነ በደመና ያልፋል። ብዙ ባለሕንፃዎች ለውጭ ገጽታ ሲሉ አራቱንም ፊት አንድ ዓይነት ይገዛሉ። ወደ ውጭ የሚታየውን ቀለም አንድ አድርጎ የጨርቁን ውፍረት መለየት እየተቻለ ገንዘብ ማባከን ነው።

ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ በምዕራብ ስለቆመ የማታዋን ፀሐይ ቀድሞ ይጋርድልናል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን፣ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው፣ ሌላ ችግር ይጠብቅዎታል፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የምዕራብ መስኮት ያለው ቢሮ ምድጃ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ እውነት ልናገር፣ ሻጭ አይነግርዎትምና። ከመስታወቱ በስተውስጥ የተሰቀለ ብላይንድ ዓይንን ከነጸብራቅ ያድናል እንጂ ሙቀትን ሙሉ በሙሉ አያስቆምም፤ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ገብታለችና። ለመስታወቱ የሚሰጠው ፊቱ ነጭ ወይም ብርማ ከሆነ የተወሰነውን ሙቀት መልሶ ወደ ውጭ ያንጸባርቃል። ለኮምቦልቻ ሕንፃ ጨርቅ ሲመርጡ ከውስጥ በኩል ያለውን ቀለም ትተው ጀርባውን ገልብጠው ይዩ።

ደሴ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በብርዱ ወራት የምሥራቁን ብላይንድ ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ከፍቶ ፀሐይ ማስገባት፣ ሥራ ሲጀመር የአሉሚኒየሙን ዝርጎች ወደ ጣራው ማዘንበል፣ ማታ ደግሞ ሁሉንም ዘግቶ ሙቀቱን ማቆየት ይገባል። ብርዱን አይተው ፀሐይዋን አይናቋት ግን። በየ1,000 ሜትር ከፍታው የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨርቅን የሚያነጣውና ፕላስቲክን እንደ ብስኩት የሚያደርቀው በዋነኛነት ይህ ጨረር ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ይቁጠሩ፣ ይመዝግቡ

ከምድር ቤት ጀምረው እያንዳንዱን መስኮት ቁጥር ይስጡት። ፎቁን፣ አቅጣጫውንና ተራውን የያዘ አጭር መለያ ይበቃል። እኔ መጀመሪያ አቅጣጫን በመጀመሪያ ፊደሉ ስጽፍ፣ ምሥራቅም ምዕራብም «ም» ሆኑና ሠራተኛዬ የሦስተኛ ፎቅ ምሥራቁን ጤነኛ ብላይንድ ፈትቶ አውርዶ አጥቦ መለሰው፤ የምዕራቡ በነበረበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምሥራቅን «ሥ»፣ ምዕራብን «ዕ» እላለሁ። መለያውን በቋሚ ብዕር ጽፈው ከሐዲዱ ጫፍ፣ ከታች በማይታይበት በኩል ይለጥፉት።

በደብተሩ ለእያንዳንዱ መስኮት አንድ መስመር ይስጡ፤ ዓይነቱ፣ ወርዱና ቁመቱ፣ የጥብጣቡ ስፋትና ብዛት፣ ቀለሙ፣ መቆጣጠሪያው በግራ ይሁን በቀኝ፣ የተተከለበት ዓመት። በመጨረሻው ዓምድ ከሦስት ቃላት አንዱን ይጻፉ፦ ደህና፣ የሚጠገን፣ የሚወገድ። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቢሆን ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ መለዋወጫ ሲያዙ በስልክ «አንድ ቡናማ ነገር» ከማለት ይድናሉ።

3ኛ ደረጃ፦ አዲስ ማሠራት ግድ ሲሆን

ሻጩ ለክቶ ቢሄድ እንኳ እርስዎም ይለኩና ያስተያዩ። ብላይንዱ በመስኮቱ ማዕቀፍ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ወርዱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይለኩ፤ ከሦስቱ ትንሹን ወስደው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሱለት። የግንበኛ እጅ ማሽን አይደለም፤ በአንዱ መስኮት ላይ ከላይና ከታች የ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢያገኙ አይደነቁ። ከግድግዳው ፊት የሚሰቀል ከሆነ በግራና በቀኝ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፤ አለበለዚያ ፀሐይዋ በጎን ሾልካ ትገባለች። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከማዘዝዎ በፊት ከፍተው ይሞክሩት። ተከላው ካለቀ በኋላ መስኮቱ ከብላይንዱ ጋር ሲጋጭ ማየት፣ ያውም ከከፈሉ በኋላ፣ ያናድዳል።

የጥብጣብ ቁጥርን ራስዎ ማስላት ይችላሉ። 127 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚደራረብ የሚሸፍነው 11.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ3 ሜትር ወርድ 26 ያህል ያስፈልጋል። ዋጋ ሲያቀርቡልዎ 22 ከተባለ፣ ሲዘጋ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት እየተሸጠልዎት ነው።

ስለ ማያያዣው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ይዞ አይቆይም፤ ከመስኮቱ በላይ ባለው የኮንክሪት ማሰሪያ ላይ መብሳት ይሻላል። በጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ብቻ የተሰቀለ ብላይንድ ደግሞ የሚወድቅበትን ቀን እየጠበቀ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ብረት ወይም እንጨት እንዲኖር ያስገድዱ። ለ2 ሜትር ሐዲድ ሦስት መያዣ ያስገቡ፤ ሁለት ብቻ ከሆነ መሐሉ ይጎብጣል። በሊቬሎ ሳይታይ ክፍያ አይፈጸም።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁ፤ ለየሃያው ጥብጣብ አንድ ትርፍ፣ ከዚያው ጥቅል የተቆረጠ። ጨርቅ በሌላ ጊዜ ሲነከር ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ ከዓመት በኋላ «ያንኑ» ቢያዙ የሚመጣልዎት የአጎቱ ልጅ ነው። መለዋወጫም ደሴ ላይ ሲጠፋ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሊያስፈልግ ይችላል።

4ኛ ደረጃ፦ አከፋፈትና አዘጋግ ያስተምሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ገንጥለው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ከሆነ ይህኛው ይሁን።

የቨርቲካል ሕግ፦ መጀመሪያ ያዙሩ፣ ከዚያ ይሳቡ። ጥብጣቦቹ ተዘግተው ሳለ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል፤ በዚያ ሁኔታ ገመዱን ቢጎትቱ እርስ በርስ ተያይዘው የላይኛውን የፕላስቲክ ማንጠልጠያ ይሰብሩታል። ሰንሰለቱን ስበው ጥብጣቦቹ ወደ መስታወቱ በጠርዛቸው እስኪቆሙ ያዙሯቸው፤ ከዚያ በገመዱ ወደ ጎን ይሰብስቡ። ሲዘጉ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ እስከ ጫፉ ይዘርጉ፣ ከዚያ ያዙሩ። በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ በወር አራት አምስት ማንጠልጠያ እንቀይር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ገንዘብ ከፋዩ ወጣት ፀሐይ ዓይኑን ስትመታው ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የተዘጋውን ብላይንድ በጥብጣቡ ይዞ ጨመደደው። አልተቆጣሁም። «ወንድሜ፣ ይህን ሰንሰለት ነክተኸው ታውቃለህ?» አልኩት። ለምን እንደተንጠለጠለ አያውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

የአሉሚኒየሙ ሕግ፦ ዝርጎቹን አግድም ካደረጉ በኋላ ብቻ ወደ ላይ ይሳቡ። ገመዱ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይጎተት፤ ለማቆም ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ይልቀቁት፣ ለማውረድ እንደገና ትንሽ ስበው ጥርሱን ያላቅቁና ገመዱን በእጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ያውርዱ። እንዲሁ ተለቆ የሚወርድ ብላይንድ ድምፁ ብቻ ሕንፃ ያናውጣል፤ ዝርጎቹም ይታጠፋሉ።

የሮለር ሕግ፦ ሰንሰለቱን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው ወደ ታች ይሳቡ፤ ወደ ራስዎ ሲጎትቱት ዶቃዎቹ ከመዘውሩ ጥርስ ይዘላሉ። የታችኛውን ዘንግ ይዞ መጎተት ክልክል ነው። ለጽዳትና ለጥገና ካልሆነ በቀር ሙሉ በሙሉ ወርዶ ቱቦው እንዲራቆትም አይፍቀዱ፤ ከዚያ በላይ ከተሳበ ጨርቁ በተቃራኒው መጠቅለል ይጀምራል።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ፦ መስኮት ተከፍቶ ብላይንድ ተዘግቶ አይዋል። የደሴ የከሰዓት ነፋስ ጥብጣቦቹን ከግድግዳው ጋር ሲያላጋ የዋለበት ቢሮ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል።

ከዚያ ለየፎቁ አንድ ሰው በስም ይመድቡ። ጠዋት የሚከፍት፣ ማታ የሚዘጋ፣ የተሰበረውን ቆጥሮ ለእርስዎ የሚናገር። ጥበቃ ሊሆን ይችላል፣ የጽዳት ሠራተኛም ሊሆን ይችላል፤ «ሁላችሁም ተመልከቱት» ማለት ግን ማንም አይመልከተው ማለት ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ጽዳት

ሳምንታዊው ሥራ ቀላል ነው። ጥብጣቦቹን ወይም ዝርጎቹን በአንድ ወገን ዘግተው ከላይ ወደ ታች አቧራውን ያራግፉ፤ ከዚያ በሌላው ወገን ዘግተው ይድገሙ። ለአሉሚኒየም ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጠውን ያስተማሩኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት። አሮጌ የጥጥ ካልሲ እጃቸው ላይ ያጠልቁና እያንዳንዱን ዝርግ በሁለት ጣታቸው መሐል ይዘው ከጫፍ ጫፍ ያንሸራትታሉ። ላዩም ታቹም በአንድ ጊዜ ይጸዳል፣ ጠርዙም ጣት አይቆርጥም። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የአቧራ መምጠጫውን ለስላሳ ብሩሽ አድርገው በሐዲዱ ላይ ያሳልፉ። ሐዲድ ውስጥ የሚከማች አቧራ ማንጠልጠያዎቹን ያግዳል፤ ሰው ከታች ሲጎትት የሚሰበረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

የጨርቅ ቨርቲካል የሚታጠበው በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ይበቃል። ፀሐያማ የበጋ ቀን ይምረጡና እንዲህ ያድርጉ። ጥብጣቦቹን አዙረው ይክፈቱ፣ የታችኛውን አያያዥ ሰንሰለት ያውልቁ፣ እያንዳንዱን ከማንጠልጠያው በጥንቃቄ ያላቁ፣ ከታች የገባውን ማክበጃ ያውጡ። ሳያጥፉ ላላ አድርገው ይጠቅልሏቸው፤ የታጠፈበት ምልክት አይለቅምና። ለብ ባለ ውኃ፣ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉ። በእጅ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ፤ አይሹ፣ አይጭመቁ። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ውኃው ሲንጠባጠብ እንዳለ ማክበጃውን መልሰው ሐዲዱ ላይ ይስቀሉት። በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ይደርቃል፣ ካውያም አያስፈልገውም። ከሥር ወለሉ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ እንዳይረሱ።

ፕላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጀርባው የተቀባ፣ ብርሃን ፈጽሞ የማያሳልፍ ጨርቅ ግን ውኃ ውስጥ አይግባ፤ ቅባው ይሰነጠቃል። ሮለርን ሙሉ በሙሉ አውርደው በብሩሽ አቧራውን ካነሱ በኋላ፣ ቆሻሻው ያለበትን ብቻ በተጨመቀ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ያድርጉት። እስኪደርቅ ተዘርግቶ ይቆይ። እርጥቡን የጠቀለለ ሻጋታ ዘራ።

ስለ ቡናው ጥግ ሳልናገር ባልፍ ወሎዬ አልባልም። በሆቴል መግቢያም በቢሮም ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጢስ መጀመሪያ የሚያርፈው አጠገቡ ባለው ጨርቅ ላይ ነው። ቢጫ የሚሆነውና ሽታ የሚይዘው ይህ ነው። ቡናውን ይከልክሉ አልልም፤ ማን ይሰማኛል? ረከቦቱ ያለበት ጥግ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ብላይንድ ይሁንለት፣ በየሳምንቱ መጨረሻም በሳሙና ውኃ ይጠረግ። ለሆቴል ወጥ ቤትም ይኸው ነው፤ የዘይት ትነት ያለበት ክፍል ውስጥ ጨርቅ አይሰቀልም።

ሻጋታ የደሴ ክረምት ዕዳ ነው። በጉሙ ሳምንታት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያወጣል፤ እሱን የተደገፈ ጨርቅ በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላል። መጀመሪያ መንስኤውን ያስወግዱ፤ በመስኮቱ ማዕቀፍ ዙሪያ የተሰነጠቀው ሲሊኮን ውኃ ያስገባ እንደሆነ ይዩ፣ ጨርቁ ከመስታወቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ቀን ቀን ይከፈት። ከዚያ ጨርቁን ወደ ውጭ አውጥተው አፍና አፍንጫ ሸፍነው በደረቅ ብሩሽ ይምቱት፣ በሳሙና ውኃ ይጠቡት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በረኪና ነጠብጣቡን ቢያጠፋም ባለ ቀለም ጨርቅን አብሮ ያጠፋዋል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይሞከርም።

6ኛ ደረጃ፦ ጥገና

በጣም የሚያጋጥመው የቨርቲካል ጥብጣብ የላይኛው ቀዳዳ መቀደድ ነው። ጥብጣቡን አይጣሉት። ከአሮጌ ፋይል ሽፋን ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቁረጡ፣ በሁለቱም ፊት በጠንካራ ሙጫ ይለጥፉ፣ ሲደርቅ ቀዳዳውን በነበረበት ቦታ እንደገና ይብሱ። አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጥብጣቡ ተንጋዶ ስለሚሰቀል ጤነኛውን ከላይ ደርበው ምልክት ያድርጉ። የተጠገነውን ደግሞ ብላይንዱ በሚሰበሰብበት ጫፍ ይስቀሉት፣ ከዚያ ያለውን ጤነኛ ወደ መሐል ያምጡ። ዓይን መሐሉን እንጂ ጥጉን አያይም።

አንድ ጥብጣብ ብቻ ከሌሎቹ በተቃራኒ ዞሮ ከተገኘ አልተሰበረም። ሁሉንም በሰንሰለቱ አንድ ወገን እስከ መጨረሻው ያዙሩ፤ ያልታዘዘውን ላዩን በእጅዎ ይዘው «ቀጭ» እስኪል ቀስ ብለው ወደ ሌሎቹ አቅጣጫ ያምጡት። ማንጠልጠያው ራሱ ከተሰበረ ግን የሐዲዱን የጫፍ መክደኛ ከፍተው ተንሸራታቾቹን እስከ ተሰበረው ድረስ አውጥተው ይቀይሩ። ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የአወጣጡ ቅደም ተከተል ከተምታታ ከሰዓቱ በሙሉ ይሄዳል።

ሮለር ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ጨርቁ ጠርዝ ላይ የሚላጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሊቬሎ ያስቀምጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመያዣው መዛነፍ ነው። ቱቦው ቀጥ ያለ ሆኖም ከሸሸ፣ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ያውርዱና ከሚሸሽበት በተቃራኒው ጫፍ ቱቦው ላይ አንድ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ። ወደ ግራ የሚሸሽ ከሆነ በቀኝ ማለት ነው። ጠቅልለው ይዩ፤ ካልበቃ ሁለተኛ ይደርቡ። ለማመን የሚያስቸግር መላ ነው፣ ይሠራል።

የሮለር ሰንሰለት የሚንሸራተት ከሆነ መዘውሩን በደረቅ ብሩሽ ያጽዱ። ጥርሱ ከተበላ ይቀየራል፤ መድኃኒት የለውም። የሞተር ወይም የምግብ ዘይት እንዳይቀቡት አደራ፤ ዘይት አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። ቅባት ካስፈለገ ጥቂት የሲሊኮን ርጭት ብቻ። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ሲቀጥሉት የዶቃዎቹ መጠንና ርቀት አንድ መሆኑን ይመልከቱ፤ የመጋጠሚያው ቁልፍም ብላይንዱ ሙሉ ሲወጣም ሙሉ ሲወርድም መዘውሩ ጋ በማይደርስበት ቦታ ይሁን።

የአሉሚኒየሙ ገመድ መላላጥ ሲጀምር ሳይበጠስ ይቀይሩት። ተበጥሶ ከጠፋ ሐዲዱን መፍታት ሊጠይቅ ነው፤ ሳይበጠስ ከሆነ ግን የአዲሱን ገመድ ጫፍና የአሮጌውን ጫፍ በክብሪት አቅልጠው አጣብቀው አሮጌውን ቀስ ብለው ሲስቡት አዲሱ ተከትሎ በየቀዳዳው ያልፋል። የታጠፈ ዝርግ በጣት ቀስ ተደርጎ ይቃናል። ስብራት ከሆነበት ከታችኛው ረድፍ አንዱን አውጥተው ይተኩ፤ ብላይንዱ በአንድ ዝርግ ቢያጥር ማንም አይለካውም።

በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ካለዎት ሞተሩን እንዳይከፍቱ። ማብሪያውን፣ የሪሞቱን ባትሪና መስመሩን ይፈትሹ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሚመጣው የኃይል መዋዠቅ የሚጠብቅ መከላከያ ያስገጥሙለት። ከዚያ ያለፈው የባለሙያ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ገመዱና ሕፃናት

ክሊኒክ፣ ሆቴል፣ የልብስ መደብር፣ ሕፃን የሚገባበት ማንኛውም ቦታ ይህን ይመለከታል። ተንጠልጥሎ የተዘጋ የገመድ ወይም የሰንሰለት ቀለበት ሕፃን አንገቱን አስገብቶ የሚታነቅበት ወጥመድ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ሕፃናት ሞተውበታል። የሮለርና የቨርቲካል ሰንሰለት ሁሉ ከግድግዳው ጋር በሚያያዝ ማጥበቂያ ተወጥሮ ይታሰር፤ ብላይንዱ ሲሸጥ አብሮ የሚመጣውን፣ ሠራተኛው ግን ሳይሰቅል ኪሱ የሚከተውን ትንሽ ፕላስቲክ ማለቴ ነው። የአሉሚኒየሙ ገመድ ከወለል ከ1.5 ሜትር በላይ በተተከለ መጠቅለያ ላይ ይጠቅለል። ሶፋ፣ አልጋና ወንበር ከመስኮቱ ሥር ይነሱ፤ ለሕፃን መሰላል ናቸው።

8ኛ ደረጃ፦ ዓመቱን ይከፋፍሉ፣ ውሉን ይጻፉ

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሕንፃውን በሙሉ ዞረው ሻጋታና የውኃ ፍሳሽ ይፈልጉ። ትልቁ እጥበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ይሁን። በየካቲት፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር፣ የመስኮቶቹን ሲሊኮን ይመልከቱ። ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ያላችሁ የምዕራቡን ወገን ሰንሰለትና መዘውር ፈትሹ፤ በዚያ ወር ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው እሱ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ለክረምቱ ጨርቁን ከመስታወት ያርቁ።

ከተከራይ ጋር የሚደረገው ውል ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። አንደኛው ብላይንዱ የማን ንብረት እንደሆነና ተከራዩ ሲገባ ስንት ጥብጣብ፣ በምን ሁኔታ እንደተረከበ ይናገር፤ ደብተሩ እዚህ ላይ ዋጋውን ይመልሳል። ሁለተኛው ጥገናውን ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚከፍል ይለይ። እኔ የመረጥኩት መንገድ ሥራው የሕንፃው፣ ከአያያዝ ጉድለት የመጣው ወጪ የተከራዩ እንዲሆን ነው። ተከራይ ራሱ ይጠግን ከተባለ በየፎቁ ሌላ ቀለም ይሰቅላል፣ ሕንፃውም ከውጭ ሲታይ የተጣጣፈ ነጠላ ይመስላል።

የሚወገድ የተባለውንም ሳይፈቱ አያውጡ። ማንጠልጠያውን፣ መዘውሩን፣ ሰንሰለቱን፣ ማክበጃውን፣ የጫፍ መክደኛውን፣ ደህና የሆኑትን ጥብጣቦች ለይተው በካርቶን ያስቀምጡ፤ ከላዩ ላይ ዓይነቱንና ስፋቱን ይጻፉበት። የእኔ ካርቶን ሥር ከዓመታት በፊት ከፈረሰ ብላይንድ የወጡ አሥራ አንድ ማንጠልጠያዎች አሉ። ባለፈው ሳምንት ሦስቱ አራተኛ ፎቅ ሄደዋል።